ሳልጨርሰው የቀረሁት የጋዝጊብላ ሩጫ

እታገኝዬ፣ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። ከሰቆጣ ጋዝጊብላ ደርሶ መልስ የሚሮጠውን፣ ማራቶንን የሚያስንቀውን ሩጫ ሳልጨርስ አልመለስም ብዬ ፎክሬብሽ ነበር፤ አልጨረስኩትም። ደሴ ብሮጥ ታክሲ አምልጧት ነው ብለው ያልፉኛል። እዚህ ግን ትልቅ ሴት የምትሮጠው ሰው ሲሞት ነው። አንድ ዳገት ላይ ከሌሎቹ ሯጮች ኋላ ብቻዬን ቀርቼ ስሮጥ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ተከተሉኝ። ቆም ብዬ፣ "ኧረ ማንም አልሞተም፤ ውድድር ነው" አልኳቸው። አንዷ እንባዋን ጠርጋ፣ "ተመስገን፤ ታዲያ ማን አሳደደሽ? ተቀመጪ እንጂ እቴ" አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ እግሬም በዚያው እምቢ አለ። ቢሆንም አልከፋኝም። ለማያውቁት ሰው ሐዘን ብለው ያን ዳገት ከኔ እኩል የሮጡት እነሱ ናቸው፣ ያውም ገብስ አዝለው። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ስቀሽ ስትጨርሺ ጻፊልኝ።

ሸጌ