ስለ ተቸነከሩት የጎልፍ ችካሎችና ስላልተነገረው መርዶ

ለተከበሩ ጓድ ስብሐት
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ጉለሌ
ሚያዝያ 1982 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንድ ጠዋት ስለ መለመን

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ባለፈው ክረምት ያስቸግርዎ የነበረው የወገብ ሕመም እንደተሻለዎት፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሄዱም ቀጥ ብለው እንደሚራመዱ ከሩቅ እያየሁ ደስ ብሎኛል። እኔም ባለቤቴ የሺም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነውን ደግሞ እርስዎ ከእኔ ቀድመው ስለሚያውቁት እዚህ ላይ አላነሳውም፣ ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ መሸሻ ነኝ፤ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ባለችው ቤት እንጨት በቶርኖ የምቀርጸው፣ የተቀመጡበትን ወንበር እግሮች የሠራሁልዎት ሰው። ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ ወዲህ ማንኛውም ነዋሪ ገንቢ አስተያየቱን በጽሑፍ ማቅረብ እንደሚችል በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ስላወጡልን፣ ግብዣዎን አክብሬ ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ይህን በማድረጌ ምን ሊደርስብኝ እንደሚችል የሺ በዝርዝር አስረድታኛለች። አልፈራሁም ብል ጀግንነት ይመስልብኛል፤ ነገሩ ግን ጥርስ ሊነቅል የተዘጋጀ ሐኪም የማደንዘዣ መርፌውን ከወጋኝ በኋላ እንደሚሆነው ነው። ሲጎትቱት አያለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ በተራ ቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማይወዱ ስለማውቅ ነው።

1ኛ) በመጀመሪያ፣ ሥራችንን ሥራ ብለው ስለቆጠሩልን አመሰግናለሁ። ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ስል ከመነሻው ልናገር። ከእንጦጦ ግርጌ የውጭ አገር ሰዎች ጎልፍ የሚለማመዱበት ሜዳ ነበር። እዚያ ሰው ኳሱን እየተከተለ አይዞርም፤ አንድ የጎማ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ወደ ሩቅ እየደጋገመ ይመታል እንጂ። ኳሱ የሚቀመጠው በትንሽ ችካል አናት ላይ ነው። ችካሉ ከውጭ ይመጣ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ እሱም ጠፋ። ያን ጊዜ ነው የወይዘሮ ሾዴ ልጅ በዳሳ፣ በዚያ ሜዳ ኳስ ሲለቅም ያደገው ወጣት፣ ወደ ቤቴ መጥቶ እኛ ለምን አንሠራውም ያለኝ።

እኔ ችካል ማለት ችካል ነው ብዬ ባሕር ዛፍ ቀርጬ ሰጠሁት። በመጀመሪያው ምት ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ የአንድ ቆንስል ባርኔጣ ላይ አረፈ፤ ሰውየውም ባርኔጣውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ቆየ። ከዚያ በኋላ ወደ ወይራ ዞርን። በዳሳ ደግሞ የቀድሞውም የውጭ ችካል ቢሆን ጉድለት እንደነበረበት አስረዳኝ። በረጅሙ፣ ጭንቅላተ ትልቁ ዱላ ለሚመታ ሰው ኳሱ ከፍ ማለት አለበት፤ በብረቱ ዱላ ለሚመታ ግን ምንጣፉን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ማለት አለበት፤ አንዱ ሰውዬ እንኳ ዱላ በቀየረ ቁጥር ቁመት ይቀይራል። ይህን እየነገረኝ የፋኖሳችንን ክር ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ሁለታችንም ፋኖሱን አየነው፣ ከዚያ ተያየን። የሠራነውም ይህ ነው፦ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት የወይራ ዘንግ፣ በረባሶ ጫማ ከሚሠሩ ሰዎች የወሰድነው የመኪና ጎማ መቀመጫ፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ከፍ፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ዝቅ ይላል። ያ ቆንስል በአዲሱ ችካል ሲመታ ኳሷ ከሜዳው አጥር አልፋ ሄደች። በዳሳ ሊለቅማት አልሮጠም፤ ቆሞ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

2ኛ) ሁለተኛ፣ ይህ ሥራ በሁለት ሰው እጅ ብቻ መቅረቱ ግለኝነት መሆኑን ተገንዝበው እኔንም፣ በዳሳንም፣ ቶርኖዬንም ወደ ቀበሌው የዕደ ጥበብ ማኅበር ስላስገቡን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ችካሎቹን የመረመሩበትን ስብሰባ ነው። ሳጥኑን አስከፍተው፣ አንዱን ከፍ ብሎ ሌላውን ዝቅ ብሎ ሲያገኙት ፊትዎ ጠቆረ። ቁመቱ የሚለዋወጥ ዕቃ ለቆጠራም ለቁጥጥርም እንደማይመች ካብራሩ በኋላ፣ «በአንድ ሳጥን ውስጥ ከፍ ያለና ዝቅ ያለ ችካል ማስቀመጥ የመደብ ልዩነትን በእንጨት መቅረጽ ነው» አሉ። ስለዚህም ሁሉም ችካል መካከለኛ ቁመት ላይ ሆኖ፣ ዳግመኛ እንዳይዞር ጎኑን በምስማር እንዲመታ ተወሰነ። ከፍ ዝቅ እንዲል የተሠራን ዕቃ ከፍ ዝቅ እንዳይል አድርጎ ማስረከብ ለማንም ባለሙያ የማይታሰብ ነው፤ እርስዎ ግን አሰቡት።

በዚያ ስብሰባ ሁላችንም አጨበጨብን። በዳሳ ብቻ ተነሥቶ መዳፉን ዘርግቶ አሳየዎት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አምስቱም ጣት እኩል ቢሆን ኖሮ ዱላውም አይጨበጥም ነበር» አለ። እርስዎም ሳቁ፤ ስሙን ጠየቁት፤ ስሙን ሲናገርም ራስዎን ነቀነቁ። እኛ ነገሩ በሳቅ ያለፈ መስሎን ነበር።

የሜዳው ሰዎች የተቸነከሩትን ችካሎች አንድ ቀን ሞክረው፣ ሳጥኑን በብዙ ትሕትና መለሱልን። በረጅሙ ዱላ የሚመቱት ኳሱ ያንሳቸው ነበር፤ በብረቱ የሚመቱት ደግሞ ከኳሱ ይልቅ ችካሉን ይመቱ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ እኩልነቱ ሲገኝ ሥራው ሄደ። ሳጥኑ ወደ ቀበሌው ዕቃ ቤት ገብቶ ከአብዮት በዓል መፈክሮች ሥር ተቀመጠ።

3ኛ) ሦስተኛ፣ በዳሳ ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይንከራተት ስላሰቡለት አመሰግናለሁ። ለውጭ አገር ሰዎች ዕቃ የሚሠራ አስፈላጊ ሠራተኛ ነው የሚል የድጋፍ ቃል እስካለው ድረስ ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራም ነበር። ሥራው ሲቀር አስፈላጊነቱም ቀረ፤ ስሙም ከዝርዝሩ አናት ላይ ተገኘ። ስሙን ለማስታወስ እንዳልተቸገሩ አውቃለሁ፤ ጠይቀውት ነበርና። ሲሸኝም ያደረጉትን ንግግር አልረሳሁም፤ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ብለው ነበር የጨረሱት። ከቀበሌያችን ግን ያን ቀን ወደ ጦር ግንባር የሄደው ነገር እሱ ብቻ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ሾዴ መኪናው ሲነሣ አላለቀሱም፤ ገና በሕይወት ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው ብለው ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ።

4ኛ) አራተኛው ምስጋና ስለ ዝምታዎ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ነው፤ የእርስዎ ዝምታ ከጥምቀት በፊት ጀምሮ ተቀምጦ እስካሁን አንዲት ብል አልነካውም።

በዳሳ ሞቷል። ይህን የነገረን ከእሱ ጋር በአንድ ምሽግ የነበረው፣ ክንዱን ቆስሎ የተመለሰው የሰፈራችን ልጅ ጀላል ነው። በዓይኑ አይቷል፤ በደህናው እጁ አፈር አልብሶታል። ጀላል ወሬውን ለበዳሳ እናት ከማድረሱ በፊት፣ እንደ ወጉ እናድርገው ብለን እኔ፣ እሱና የእድራችን ዳኛ አቶ ይገዙ ወደ ቢሮዎ መጣን። እርስዎም ወንበር ሰጥተው በትዕግሥት አዳመጡንና፣ «ከበላይ አካል ሪፖርት ያልመጣለት ዘማች አልሞተም፤ ሞተ ማለት የጠላት ወሬ መንዛት ነው» አሉን። ጀላልንም ለብቻው አስቀርተው ምክር ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ጀላል በወይዘሮ ሾዴ ደጅ አያልፍም፤ መንገዱን አዙሮ በላይኛው በኩል ይሄዳል።

ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን የምታከብረው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እርስዎ ግን ሪፖርት ባለመድረሱ ብቻ ሙት ማስነሣት ችለዋል። ችግሩ የተነሣው ሰው ወደ ቤቱ አለመምጣቱ ነው።

አቶ ይገዙ ሰው ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ከዚህ ቀደም ያለ ቀበሌው ቃል ድንኳን ተክለው ያለቀሱ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ስለሚያውቁ፣ ቀበሌው ካላመነ የእድሩን ድንኳን ማውጣት አልችልም አሉ። ድንኳን ከሌለ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ከሌለ ተዝካር የለም። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር አንዲት እናት ብቻ ሳታውቀው ትኖራለች። ወይዘሮ ሾዴ ወፍጮ ቤት ሲገቡ ጨዋታው ይቋረጣል። ሠርግ ሲጠሩ የሚያገኙት ቦታ የተለየ ነው፤ ሰው አጠገባቸው ለመቀመጥ ይፈራል፣ ከአፉ እንዳያመልጠው። ጥቁር ለመልበስ ምክንያት የላቸውም፣ ነጭ ለመልበስም እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሥራ ቤቴ መጥተው የተሰበረ በርጩማ አስጠገኑ። ሥራውን እስክጨርስ ከተቀመጡ በኋላ፣ «መሸሻ፣ ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ይጠብቃል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አልቻልኩም» አሉኝ። በርጩማውን አገላብጬ፣ እግሩ እንዳይነቃነቅ ደግሜ መታሁት፤ መነቃነቁን ግን ቀድሞም ትቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይህ የነገርኩዎት ድንዛዜ የያዘኝ። ማዘን አምሮኛል፤ አልመጣልኝም፤ የእሳቸውን ሐዘን ቀድሜ መውሰድ መስሎ ይሰማኛል።

እንግዲህ የተከበሩ ጓድ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ማኅተም አልጠይቅም፤ ወረቀትም፣ የበላይ አካል ቃልም አልጠይቅም። አንድ ጠዋት፣ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ ጀምበር ሳትወጣ፣ አቶ ይገዙንና ጀላልን አስከትለው ወደ ወይዘሮ ሾዴ ቤት ይሂዱልኝ። በሩን የሚያንኳኳው እርስዎ ከሆኑ ጀላል መናገር አይፈራም፣ አቶ ይገዙም ድንኳኑን ያወጣሉ። ምን ማለት እንዳለብዎት አይጨነቁ፤ በዚያ ሰዓት እርስዎን ደጃፋቸው ላይ ሲያዩ የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱታል። ከዚያ ገብተው ይቀመጡ። በለቅሶ ቤት ሁላችንም የምንቀመጠው መሬት ላይ ስለሆነ፣ ለረጅም ዘመን የደከሙበትን የቁመት እኩልነት እዚያ ያለ ምስማር ያገኙታል።

ወገብዎን እግዚአብሔር እንዲያጸናልዎት፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅብዎት እየተመኘሁ፤ እግሮቹ ቢላሉ ያለ ምንም ክፍያ ለመጠገን ዝግጁ መሆኔን በታላቅ አክብሮት አረጋግጣለሁ።

ስብሰባ ላይ አብረውዎት ካጨበጨቡት አንዱ፣
መሸሻ፣ እንጨት ቀራጭ

ግልባጭ፦
ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ይገዙ፣ ድንኳኑ ብል እንዳይበላው እንዲያናፍሱት
ለጀላል፣ በታችኛው መንገድ መሄድ እንዲጀምር
ለበላይ አካል፣ አድራሻውን ለሚያውቅ ሰው

ማስታወሻ፦ የዕደ ጥበብ ማኅበሩ በቅርቡ ሲፈርስ እያንዳንዳችን ዕቃችንን እንድንወስድ በፈቀዱት መሠረት የችካሎቹን ሳጥን ከዕቃ ቤቱ ወስጃለሁ። ምስማሮቹን ነቅያለሁ፤ ችካሎቹም እንደገና ከፍ ዝቅ ማለት ጀምረዋል። ምስማሮቹ ግን የቀበሌው ንብረት ስለሆኑ ማስቀረት አልፈለግሁም፤ ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ የመታሁት በእነሱ ነው። ደግሞም ሳልረሳ፣ ወይዘሮ ሾዴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማሩ ናቸው፤ የምስክር ወረቀቱን በእጃቸው የሰጧቸው እርስዎ ራስዎ ነበሩ፣ ፎቶውም ቢሮዎ ውስጥ ተሰቅሏል። ዓርብ ስኳር ለመውሰድ ወደ ኅብረት ሱቁ ሲመጡ በዚህ ሰሌዳ ፊት ያልፋሉ፣ የተለጠፈ ነገር ሲያዩም ሳያነቡ አያልፉም። ከዚያ በፊት ከሄዱላቸው ደብዳቤውን እኔው ነቅዬ አነሣዋለሁ። ካልሄዱም አይጣደፉ፤ ወይዘሮ ሾዴ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት፤ ከመጀመሪያው መስመር ተነሥተው የልጃቸው ሞት ላይ እስኪደርሱ፣ እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው አጠገባቸው ለመቆም ጊዜ ይበቃዎታል።