ወንድሜ የተቀመጠበት ታብሌት

ጥር 9፣ ዓርብ

የፈተና እርማት አለቀ። የኢትዮጵያን ወንዞች ጻፉ ሲባሉ ግማሾቹ የሰፈራቸውን ጅረት ጽፈዋል። ነጥቡን ሰጠኋቸው… እሱም ቢሆን ውሃ ይወርድበታል።

ስገባ አባባ ታብሌቱን ታቅፎ ደጅ ፀሐይ ይሞቃል። የጋቢውን ፎቶ ነካ። "በረደኝ" አለ ታብሌቱ፣ በእኔ ድምፅ። ጋቢ ደረብኩለት።

ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑና ምላሱ ከተያዘ ወዲህ የሚናገረው በዚህ ነው። ደሴ ሆስፒታል ያለች አንዲት ነርስ ናት ያሳየችኝ። የዕቃውን ፎቶ አነሳለሁ፣ በላዩ ድምፄን እቀዳለሁ፣ እሱ በግራ ጣቱ ሲነካው ይናገርለታል። ጆጉ "ውሃ" ነው። መዳፌን ወደ ፊት ዘርግቼ የተነሳሁት ፎቶ "እምቢ" ነው። ሰፈሩ ይስቃል። ስንት ደም ያደረቀ ሽማግሌ በሴት ድምፅ ሲያወራ አየን እያሉ… ይሳቁ።

ታብሌቱ አርጅቷል። ጠርዙ ተልጧል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት በጠፋ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል። ግን ይሠራል።

ነገ ፈንታው ለጥምቀት ከደሴ ይመጣል። ታናሼ ነው። አዝዬ ነው ያሳደግኩት። ሀብታም ከሆነ ወዲህ ግን እሱ ታላቅ፣ እኔ ታናሽ ሆነናል።

ጥር 11

ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ አባባን በወንበር ተሸክመን አወጣነው። አለቀሰ።

ከምሳ በኋላ ፈንታው የመጣበትን ነገር አመጣው። አባባ ደሴ ሄዶ እሱ ዘንድ ይኑር ነው። ሐኪም ቅርብ ነው፣ ሠራተኛ አለች፣ መኪናው ደጅ ቆሟል። አባባ የመዳፌን ፎቶ ነካ። "እምቢ።" ፈንታው ደግሞ ጠየቀው። "እምቢ።"

ወደ እኔ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ያንቺ ድምፅ ነው። አባባ ይሁን አንቺ በምን አውቃለሁ?"

በጣቱ ነዋ። የማን ጣት ነው የነካው? ይሄን ልበለው ስል እንግዳ ገባ።

ጥር 12

ተቀመጠበት።

ሶፋው ላይ ነበር፣ ጋቢው ሥር። ፈንታው ከነክብደቱ ዘጭ አለበት። ስክሪኑ እንዳለ ተሰነጣጠቀ። ሲያበሩት ይበራል፣ ሲነኩት ግን አይሰማም። "አላየሁትም" አለ። ጋቢ ሥር ያለ ነገር አይታይም፣ ልክ ነው። ግን ትናንት እምቢ ተብሎ ዛሬ መቀመጥ… አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ወይስ አጋጣሚ? እሱና ፈጣሪው ይወቁ።

መሰበሩ አይደለም ያበሸቀኝ። "አትጨነቂ፣ አሮጌ ነበር፣ አዲስ አመጣለሁ" አለኝና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አሮጌ ነበር… ባለቤቱስ? እሱንም በአዲስ ሊቀይርልን ነው?

አባባ ከሰዓቱን በሙሉ የተሰነጠቀውን ሲነካካ ዋለ። ጣቱን ቆረጠው። ቀማሁት። ስቀማው ቀና ብሎ አላየኝም።

ጥር 14

ገበያው ጥግ ሞባይል የሚጠግነው ሁዜይፋ ጋ ወሰድኩት። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ገልብጦ አየ፣ ከጀርባው ያለውን አነበበ፣ ፈገግ አለ።

"ቲቸር፣ ይሄ ሞዴል እኮ ቀርቷል። አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል።"

አዲስ፣ አዲስ… ሰው ሁሉ ምን ነካው? ባትሪውም አብጧል አለ። ይበጥ፣ ይቀየራል። ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ አዛውርልኝ ብለው ስክሪኑ ሳይቀየር አይወጣም አለኝ። አስረዳሁት። አባባ እያንዳንዱን በቦታው ነው የሚያውቀው፤ ውሃ ከላይ በግራ፣ እምቢ ከታች ጥግ። ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጅቶበታል። በዚህ ዕድሜው እንደገና ከሀሁ ይጀምር?

ሁዜይፋ ጭንቅላቱን አከከ። ደሴ ላሉ ጓደኞቹ እደውላለሁ፣ ኢንሻ አላህ ይገኛል አለኝ። ካልተገኘስ? "ካልተገኘማ…" ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። ትከሻውን ብሰብርለት ደስ ባለኝ።

ጥር 17

ቤቱ ጭር ብሏል። በረደህ? ራበህ? ጀርባህን ላሸው? እኔ ነኝ የምጠይቅ፣ እኔው ነኝ የምመልስ። በዓይኑ አዎ የሚለኝ ይመስለኛል። ቢመስለኝስ?

ጎረቤታችን ብርሀንነሽ ልትጠይቀው መጥታ ሕፃን ልጅ እንደሚያጫውቱ ጮክ ብላ አናገረችው። የተያዘው ምላሱ ነው፣ ጆሮው ደህና ነው አልኳት። እሺ አለችኝና ይባስ ጮኸች።

ጥር 27

ፈንታው ደወለ። አዲሱን ገዝቷል። ቅዳሜ ይዞ ይመጣል፤ እሑድ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ አባባ ደሴ መሄድ አለመሄዱን ራሱ ይናገር አለኝ። በምን አፉ አልኩት። "በአዲሱ።" እንዴት ያለ ችኮላ ነው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ያሰኘውን ሰው በአንድ ቀን ፍርድ ፊት ሊያቆመው።

ወደ ሁዜይፋ ሮጥኩ። ስክሪኑ ተገኝቷል፤ ግን የያዘው መኪና አቀስታ ላይ ቆሟል። መቼ ይደርሳል? "ዛሬ ነገ።" ዛሬ ነው ወይስ ነገ? ሰው አንዱን አይመርጥም?

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አዲሱ መጣ። ትልቅ ነው፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ፈንታው ፎቶዎቹን ራሱ አንስቶ፣ በራሱ ድምፅ ሞልቶታል። ሲናገር ሰማሁት… የአባባን ድምፅ ይመስላል፣ ደህና በነበረ ጊዜ የነበረውን። ለዚህስ አላማውም።

አንድ በአንድ ነካሁት። ውሃ። ምግብ። ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። እሺ። ይሁን። ዕድሜ ይስጣችሁ። በሰላም ግቡ። አበቃ። ያመለጠኝ መስሎኝ ከላይ ጀመርኩ። "እምቢ" የለም። "አይሆንም" የለም። "አልፈልግም" የለም።

ጠየቅኩት። አላፈረም።

"አባባ ሽማግሌ ነው እኮ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት እምቢ ይላል? ስሙን ላለማበላሸት ነው።"

ተንኮል ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አምኖበት ነው! ለሰውየው አፍ ገዛለት፣ እምቢ ማለቻውን አወጣበት፣ ከዚያ ምን ትላለህ ብሎ ሊጠይቀው ነው። እኔ ልጨምርበት ስል ደግሞ ያንቺ ድምፅ ከገባ ዘመድ ምን ይላል ብሎ ታብሌቱን ይዞ መኝታ ክፍሉ ገባ።

አባባ ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የካቲት 2፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ መጡ። አጎቴ አምላኩ ከገጠር፣ ብርሀንነሽ፣ ሌሎችም። አያ አህመድም መጣ። እሱና አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ጠብ አብረው ሲሸመግሉ የኖሩ ናቸው። አጠገቡ ተቀምጦ ጉልበቱን ያዘው። "አብሽር ወዳጄ" አለው።

ፈንታው ተናገረ። ረጅም ንግግር ነው። ሐኪሙ፣ ቤቱ፣ የልጅነት ዕዳው… ከፊሉ እውነት ነው፣ አልክድም። እኔ ልናገር ስነሳ አጎቴ አምላኩ "ቆይ አንቺ፣ ባለቤቱ ይናገር" አለኝ። ባለቤቱ በምን ይናገር? እዚያ ውስጥ ያለው እሺ ብቻ ነው። ይሄን ጮክ ብዬ አልኩት። ተቀመጪ አሉኝ።

ፈንታው ታብሌቱን አባባ ጭን ላይ አደረገለት።

"አባባ፣ ደሴ እንሂድ?"

ጣቱ በቀጥታ ወደ ታች ጥግ ሄደ። እምቢ ወደነበረበት። አሁን እዚያ ያለው "እሺ" ነው። ሊነካው ሲል ጣቱን አነሳ… አየው። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። ከዚያ ነካ።

"በሰላም ግቡ።"

ፈንታው የተሳሳተ መስሎት ጥያቄውን ደገመለት። አባባ አሁን ታብሌቱን ሳይሆን ፈንታውን እያየ ያንኑ ነካ። "በሰላም ግቡ።" ቀጥሎ "ዕድሜ ይስጣችሁ።" በገዛ ድምፁ ተሸኘ፣ ወንድሜ።

አያ አህመድ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጋቢውን አጣፋ።

"ወላሂ፣ ይሄ ወዳጄ አሻግሬ ራሱ ነው። ስንቱን እንዲህ መርቆ ሲመልስ አይቻለሁ፣ ክፉ ቃል ሳይወጣው። በል ልጄ፣ ተመርቀሃል፤ በጊዜ መንገድህን ያዝ።"

አጎቴ አምላኩ ራሱን ነቀነቀ። ፈንታው አባባ እግር ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። አባባ በግራ እጁ ፀጉሩን ዳበሰው። እኔም አለቀስኩ፣ ከነንዴቴ።

የካቲት 3

ፈንታው ሄደ። አዲሱን ትቶልን። ደጅ ስሸኘው "የጎደለውን ሙይበት" አለኝ። ይቅርታ ማለቱ ነው መሰል። ከእሱ ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

የካቲት 8

ስክሪኑ ገባ! ሁዜይፋ ባትሪውንም ቀየረው። አሮጌው እንደ ድሮው ይሠራል። ከሱቁ እስከ ቤት ድረስ የምነግረው ሰው እየፈለግኩ መጣሁ።

ሁለቱንም አባባ ፊት አስቀመጥኩ። አሮጌውን ወደ እጁ ትንሽ ቀረብ አድርጌ። መቼም የቱን እንደሚያነሳ አውቃለሁ።

አሮጌውን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገው። አዲሱን ሳበ።

ምነው? ለዚህ ስክሪን ያልተጣላሁት ሰው የለም። ከወንድሜ፣ ከሁዜይፋ፣ ከጎረቤት… ተናደድኩ። አባባ ግን የአዲሱን ሥዕሎች ከዓይኑ አርቆ እያያቸው ነው። አርቆ። አሮጌውን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ነበር የሚያይ። ትልልቅ ሥዕል ነው የፈለገው። ማን ጠየቀው? ፈንታው አልጠየቀ። እኔስ?

የካቲት 9

"እምቢ"ን አዲሱ ላይ ጫንኩ፣ ከታች ጥግ። በማን ድምፅ ይሁን ብዬ ስጠይቀው ወደ እኔ ጠቆመ። "በሰላም ግቡ"ን ላጥፋው ስል ግን እጄን ያዘው። የፈንታው ድምፅ ይቆያል።

ሌላስ ምን ይግባ አልኩት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጆጉን አቀረብኩለት። ገፋው። ጣቱን መልሶ ከንፈሩ ላይ አደረገ። ገንፎ? ገንፎ ላድርግልህ? ጣቱን ከከንፈሩ አላነሳም። ይሄን ምልክት ባሳየኝ ቁጥር ውሃ ሳጠጣው ነው የኖርኩት። አሁን ገና ገባኝ።

እንደዚያው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ፎቶ አነሳሁት። ድምፁን ስቀዳ መጀመሪያ ቁጣ ቁጣ አለኝ፣ አጠፋሁት። ሁለተኛው ልቅሶ ልቅሶ አለ። በሦስተኛው ደህና አድርጌ ቀዳሁ። "ዝም በይ።"

ከዚያ ማስረዳት ያዝኩ። አሮጌው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል፣ ፈንታው ደግሞ ያን ጊዜ ባይቀመጥበት ኖሮ… ነካው።

እስኪመሽ አራት ጊዜ ነክቶታል። አራቱም ለእኔ ነው።