የዘጠና ስምንቱ ባንዶል

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሴላር ውስጥ፣ ወይን ማስቀመጫው ቤት፣ ቆጠራ። አሥራ ሦስት ዲግሪ። እርጥበቱም ደህና። የአንድ ጠርሙስ ሌብል ሻጋታ ጀምሮት ነበር፣ ጠረግኩት።

ከኩሽናው ስር ያለችው ያቺ ጠባብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት በኔ እጅ ናት። ሳህን አጣቢ ሆኜ ነበር የገባሁት። አንድ ቀን ሊዮ ሳላስበው ብርጭቆ አፍንጫዬ ስር አድርጎ «ምን ይሸትሻል?» አለኝ። «ዝናብ የመታው የቆዳ ጃኬት» አልኩት። ሳቀ። በወሩ የሴላሩን ቁልፍ ሰጠኝ።

ሊዮ የሬስቶራንቱ ባለቤት ነው። ሰባ አራት ዓመቱ። የደቡብ ፈረንሳይ ሰው፣ ባንዶል ከሚባል የባሕር ዳር አገር። የአገሩን ቀይ ወይን ቁልፉን የሰጠኝ ዓመት ነው ያስመጣው፣ የ1998 ምርት፣ ሁለት ደርዘን። ያኔ አፍ ያደርቅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሳንነካው አስተኛነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ጠርሙስ ለስድስት የቆዩ ደንበኞቹ ይከፍታል። አሥራ አራት ቀርቷል።

የዘንድሮው እሁድ ነው። ከታችኛው ረድፍ አንዱን አንስቼ አቆምኩት። አተላው እስከዚያ ይዘቅጣል።

ኦክቶበር 19፣ እሁድ

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። እሸቱ «መጀመሪያ እህል ቅመሺ» ይለኛል። ባል ሆኖ ሌላ ምን ይበል። አልበላም።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስቱም ተቀምጠዋል። ቡሹን ቀስ ብዬ ነቀልኩት፣ ሳይሰበር ወጣ። እንደ ሁልጊዜው ራሴ ቀድሜ አሸተትኩ። የደረቀ ፕሪም፣ ቆዳ፣ እርጥብ አፈር፣ ከኋላ ደግሞ የዱር ቅጠል። ደስ አለኝ። አምና ከከፈትነው ይበልጣል ብዬ ነበር እኮ በልቤ።

ሊዮ ቀዳ። አዟዟረ። አሸተተ። አፉ ውስጥ አቆየው። ሁሉም እሱን ያያሉ፤ እሱ ሳይናገር ማንም አይናገርም። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሞቷል» አለ። «ይህ ወይን ሞቷል።»

አንዷ ሴትዮ፣ ጡረታ የወጣችው ዳኛ፣ «ለኔ እንኳን ጥሩ መስሎኝ ነበር…» ስትል አላስጨረሳትም። «እኔ በዚህ ወይን ነው ያደግኩት» አላት። ከዚያ ዞሮ በጣቱ ጠቆመኝ። «ሙቀት ነው የገደለው። ሴላሩን የምትይዘው እሷ ናት።»

እሷ። ስም የለኝም?

«ሊዮ፣ ሙቀቱ ከአሥራ አራት ዲግሪ አልፎ አያውቅም። በየቀኑ የጻፍኩት መዝገብ አለ» አልኩት።

«ውሰጂና ድፊው።»

አስተናጋጇ ቲጂ ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ስድስት ሰው ያየኛል። አንዱ እንዲያውም እንደማዘን ብሎ ፈገግ አለልኝ። ያ ፈገግታ ከጣቱ ይብሳል።

ወስጄ ግን አልደፋሁትም። በትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቼ፣ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ በቦርሳዬ ይዤው መጣሁ። በሰብዌይ፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ከያንግ ጣቢያ እስከ ሰፈራችን ኮክስዌል ጭኔ ላይ አቅፌው።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ ጥርሴን እንኳ ሳልቦርሽ፣ ከፈትኩት። አሸተትኩ። ቀመስኩ።

ደህና ነው። በደንብ ደህና ነው።

ግን… ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። አፍንጫም ያረጃል። ሊዮ እኮ ነው ያስተማረኝ። የሱ ስህተት ነው ከማለት የኔ ነው ማለት አይቀልም?

እሸቱን ጠራሁት። የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከወይን ጋር ምንም ትውውቅ የለውም። «አሽትት» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዝም ብለህ አሽትት።»

አሸተተ። ደገመው። «ጦስኝ ጨምረሽበታል?» አለኝ።

ተቀምጬ ሳቅኩ። ከዚያ ንዴቱ ተመለሰ፣ ከትናንቱ የባሰ። የሞተ ወይን ጦስኝ አይሸትም። እንግዲያው ሊዮ ለምን?

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ሊዮ የሴላሩን ቁልፍ ተቀበለኝ። ዓይኔን ሳያይ። «ለጊዜው ኮት መቀበያው ጋ ሁኚ» አለኝ። መዝገቡን ፊቱ ዘረጋሁለት። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ ዲግሪ። አንድ ገጽ አልገለጠም።

ቀኑን ሙሉ የሰው ኮት ሳንጠለጥል ዋልኩ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኦፍ ነበርኩ። ቲጂ ከሥራ ቦታ ኮል አደረገችልኝ። ድምጿን ቀንሳ።

«እትዬ ብርቅዬ፣ እንዳይናደዱ።»

«ተናገሪ።»

«ሼፉ ዘጠና ስምንቱን እየከፈተ ነው። ሊዮ ነው ያዘዘው። ለበሬ ሥጋው መቀቀያ ይሁን ብሎ። ሦስቱን ድስት ውስጥ ገለበጣቸው። አይ ኩድንት ስቶፕ ሂም፣ ላስቆመው አልቻልኩም።»

ሃያ ሰባት ዓመት የኖረ ወይን። በየወሩ አቧራውን የጠረግኩለት። ድስት ውስጥ፣ ከካሮት ጋር።

«ሊዮ የት ነበር?»

«እዚያው። ደግሞ አንድ ነገር አለ… ሥጋው ሥሩ አረረ። ኩሽናው ሁሉ ጭስ ጭስ ሸተተ፣ እኔ እንኳን ከመመገቢያ ክፍሉ ሸቶኛል። ሊዮ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በማንኪያ ቀመሰና «ፐርፌክት» አለ። ሼፉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።»

ስልኩን ዘግቼ ያለፉትን ወራት መልሼ ቆጠርኩ።

በጁን ሊዮ የተበላሸ ወተት ቡናው ላይ አድርጎ ጠጥቷል። «አሞሃል እንዴ?» ብዬው ነበር። ሽቶውን ደግሞ ከዚህ ዓመት ወዲህ ሰው እስኪያስነጥስ ነው የሚቀባው። በጋውን ሙሉ ተበላሽቷል ብሎ አንድ ጠርሙስ እንኳ ለነጋዴው አልመለሰም፤ ድሮ ከአሥር አንዱን ሳይመልስ አይውልም ነበር። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። አንድ ላይ አላደረግኩትም እንጂ።

አይሸተውም።

ላዝንለት ሞከርኩ። አልመጣልኝም። እንደማይሸተው እያወቀ ነው ጣቱን የቀሰረብኝ።

ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

ሰኞ ዝግ ነን። ብቻውን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሄድኩ።

ጋዜጣ ያነባል። ሰላምታ ተሰጣጣን፤ ብርድ ብርድ የሚል ሰላምታ። ኩሽና ገባሁ። ለነጋዴው ልንመልሰው ያስቀመጥነው አንድ ጠርሙስ ነበር፣ ቡሹ የበከለው። ገና ሲከፈት እርጥብ ካርቶን፣ ጎርፍ የገባበት የቤዝመንት ምንጣፍ የሚሸት። ብርጭቆ ላይ ቀዳሁና ፊቱ አኖርኩት።

«ከቀሩት ዘጠና ስምንቶች አንዱ ነው። ይህኛውን ቅመስልኝ» አልኩት። ዋሸሁ። እያወቅኩ።

አዟዟረ። አፍንጫውን ከተተ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ እንኳ ይከረፋኛል።

«ይኸው» አለ። «ይህ ተርፏል። ፍሬው አሁንም አለ።»

«ሊዮ፣ ይህ የሦስት ዓመት ወይን ነው። ቡሹ በክሎት ልንመልሰው ያስቀመጥነው።»

ብርጭቆውን አላስቀመጠም። ደግሞ አሸተተው።

«ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከጉንፋኑ በኋላ። ይመለሳል አሉኝ። አልተመለሰም። ቡና ትኩስ ውሃ ነው። ወይን ቀዝቃዛ ውሃ ነው።»

«እኔን ለምን?»

«ሁሉም ያዩኝ ነበር። ምንም አልሸተተኝም። ጥሩ ነው ብዬ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ሞቷል ማለት ቀለለኝ። ሞቷል ካልኩ ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል። አንቺ ቅርብ ነበርሽ።»

ቅርብ ነበርሽ። እንዲሁ ነው ያለው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

«ሦስቱንስ ድስት ውስጥ?»

«ሌላ ሰው ከፍቶ እንዳይቀምሳቸው።»

እዚህ ላይ ጮህኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ጮኼበት አላውቅም። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። ግማሹ በአማርኛ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። አላነሳሁትም።

«ስሜን ስድስት ሰው እያየ ነው የወሰድክብኝ» አልኩት።

«ይህን ካወቁ ማን ወደኔ ይመጣል?» አለ። «አፍንጫ የሌለው ሰው ወይን ሲያቀርብ…»

«እኔስ? ሙቀት ጠብቃ የማታውቅን ሴት የትኛው ሴላር ይቀጥራታል?»

ወጣሁ። መንገድ ላይ ትንሽ አሳዘነኝ። ማሳዘኑ ራሱ አናደደኝ።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

ዛሬም ሥራ አልሄድኩም። አምስተኛ ቀኔ። አልደወለም። ቲጂ የቀሩት አሥሩ ጠርሙሶች እንዳሉ ናቸው፣ የነካቸው የለም አለችኝ። 

እሸቱ «ይቅር በይውና ሥራሽን ያዢ» አለኝ። «ይቅርታ ሳይጠይቀኝ?» አልኩት። «ጠየቀሽ እኮ፣ ቁልፉን ሰጠሽ።» «ለብቻዬ ነው የሰጠኝ። የሰደበኝ በሰው ፊት ነው።» ትንሽ አሰበና «ልክ ነሽ» አለ። ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ደህናው ይህ ነው።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

ሊዮ ደወለ። «እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ነዪ። ስድስቱንም ጠርቻቸዋለሁ።» ሌላ ምንም ሳይል ዘጋ። ምን ሊል ነው? አላምነውም።

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

ሄድኩ። ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፤ የሥራ ልብሴን አይደለም።

ስድስቱም ነበሩ። ቲጂና ሼፉም በሩ ጋ ቆመዋል፤ ሊዮ ነው የጠራቸው። ሽቶ አልተቀባም። የወንበር መደገፊያ ይዞ ቆመ።

«ባለፈው ስለ ብርቅዬ የተናገርኩት እውነት አልነበረም» አለ። «ወይኑ ደህና ነበር። ሴላሩም ደህና ነው። ከፌብሩዋሪ ወዲህ እኔ ምንም አይሸተኝም። አፈርኩና በሷ አሳበብኩ።»

ያ ፈገግ ያለልኝ ሰውዬ ናፕኪኑን ማጠፍ ያዘ። ሊዮ እስከ መጨረሻው ቆሞ ነው የተናገረው። ከዚያ ከጠረጴዛው ራስ የራሱን ወንበር ሳበና «ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ቲጂ ከዘጠና ስምንቱ ሌላ ጠርሙስ አምጥታ ቀዳችልኝ። ስድስት ፊት እኔን ይጠብቃል። ቀመስኩ። ጊዜ ወሰድኩ፣ እያወቅኩ። ትንሽ ይጠብቁ ብዬ።

«ጤነኛ ነው» አልኩ። «ፕሪሙ እየደረቀ ነው፣ ቆዳው እየበረታ ነው። አምስት ዓመት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ይወርዳል፤ እንዳትጠብቁት።»

ዳኛዋ ጠጣች። «እኔም ያን ጊዜ ወድጄው ነበር» አለች፣ ሊዮን እያየች። «ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

ሊዮ ጥግ ላይ ተቀምጦ ብርጭቆውን ባዶ አደረገ። ምን እንደተሰማው እንጃ። ቅዝቃዜው ብቻ ይሆናል።

ስወጣ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። «ይቅር አልሽኝ?»

«በጣትህ የጠቆምክብኝን፣ አዎ። ድስት ውስጥ የጨመርካቸውን ሦስቱን ግን ገና አልጨረስኩም» አልኩት።

«ልክ ነሽ» አለ። ነገ ሥራ እገባለሁ አልኩት… ለካ ሰኞ ነው። ማክሰኞ።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

የአዲሱ ባንዶል ናሙና መጣ፣ የ2022 ምርት። ምን እንደምናስተኛ የሚመርጠው ሁልጊዜ ሊዮ ነበር፤ የኔ ሥራ ማስቀመጥ ነበር። ዛሬ ጎኔ ተቀምጦ እጁን አጣጠፈ።

ቀመስኩ። ጥቁር ነው። ድድ ይይዛል፣ ምላስ ይቧጥጣል። ለመዋጥ ራሱ ያስቸግራል።

«እንዴት ነው?»

«ቁጡ ነው።»

«ክፉ?»

«አይደለም። ገና ነው። ከሥሩ ብዙ ነገር አለው፣ አሁን አይነግርህም።»

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ አምስት።»

ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሱ፣ ሲቆጥር። ሰማንያ ዘጠኝ። አልተናገረውም። እኔም ሰባ ሁለት እሆናለሁ፤ አልተናገርኩትም።

«ሁለት ሳጥን ይበቃል» አልኩ።

«ሦስት አድርጊው።»

«ማን ይጠጣዋል?»

«እኔ እንጃ» አለ። «ለማን እንደሚከፈት አንቺ ትወስኛለሽ።» የማዘዣውን ወረቀት ከእስክሪብቶው ጋር ወደኔ ገፋ። እስከ ዛሬ እዚያ መስመር ላይ የሱ ስም ነበር የሚያርፈው።

ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።