አንድ መውጫ ለሁለት ሞተር

ለውድ እህቴ፣ ለቤታችን ሻለቃ፤

እንደምን ከርመሻል? በብየዳ የተቃጠለው አውራ ጣትሽ ሻረልሽ ወይስ ዛሬም በጨርቅ ጠቅልለሽው ነው የምትሠሪው? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመረች? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? የታናሻችን ጥርስስ ተነቀለ? እኔን ብትጠይቂኝ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሎ ይህን ወረቀት ከያዝኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ገና ረፋድ ነው፣ ሥራ የለኝም። ክፍሌ ከበሩ እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ናት፤ አራት ሄጄ አራት እመለሳለሁ።

ያን ባለ ሁለት ሞተር የእሽቅድምድም ጀልባ እንደያዝኩ ጽፌልሽ ነበር። አለቃዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን ጨርሰው ብሎ የሰጠኝ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ሞተር አናት ላይ ሱፐርቻርጀር አለ፤ አየሩን ጠቅጥቆ ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር ሲጠቀጠቅ ደግሞ ይግላል። ስለዚህ ከሥሩ ኢንተርኩለር የሚሉት ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ አንቺ ከምትጠግኚው ራዲያተር ብዙም አይርቅም፣ ልዩነቱ በሆዱ የሚያልፈው የሐይቁ ውሃ መሆኑ ነው። ውሃው ከጀልባው ሥር ይገባል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ አየሩን አቀዝቅዞ በጀልባው ጎን ተመልሶ ይፈሳል። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አየር ውስጡ ታፍኖ እንዳይቀር ውሃው ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ አደረግሁ፤ በዚህስ አታሚኝም።

የጀልባዋ ባለቤት ጀልባዋን እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ለሁለቱ ማቀዝቀዣዎች ሁለት መውጫ በጎኗ ልብሳ ስለው፣ አንድ ይበቃል፣ ጀልባዬን ወንፊት ልታደርግብኝ ነው ወይ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። የሁለቱን ቱቦ በባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አንድ ላይ አሰርኩና በአንድ ቀዳዳ አስወጣኋቸው። እሺ ያልኩበትን ምክንያት አልደብቅሽም። ሰውየው ሌላም እንዲህ ያለ ጀልባ አለው፤ ይሄኛው ካማረለት ያንንም ሊያመጣልን ነው። ያኛው ከመጣ አለቃዬ ሰው መጨመሩ አይቀርም፤ የሚጨመረው ሰው አንቺ ነሽ። ስምሽ ያለበት የቅጥር ቅጽ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው ሥር ተቀምጧል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ሰውየውን ማስቀየም አልፈለግኩም።

አንቺ ባለፈው ደብዳቤሽ፣ መውጫቸውስ ለየብቻ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ምን ብዬ መለስኩልሽ? የመኪናና የጀልባ ለየቅል ነው፣ አትድከሚ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አሁን ያን ወረቀት ከእጅሽ ነጥቄ ብውጠው ደስ ይለኛል። ጋራዣችን ውስጥ ያለው የውሃ ጎማ አንድ ነው። ግራውን በጎማ ሞከርኩት፣ ውሃው እየተወረወረ ወጣ። ጎማውን ነቅዬ ቀኙን ሞከርኩት፣ እሱም ወጣ። እጄን አራግፌ አለቃዬን አልቋል አልኩት።

ታዲያ ዛሬ ጠዋት ጢሜን ስላጭ የመታጠቢያዬ ውሃ አልወርድ አለ። ቀጥሎ ከፍሳሽ ቀዳዳው ሽቅብ አረፋ ይመጣ ጀመር። የኔ አረፋ ነጭ ነው፣ ይሄ ሰማያዊ። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ልብስ አጥባ ውሃውን ስትደፋ፣ የሷ ውሃ በጋራ ቱቧችን መጥቶ የኔን ገፋው ማለት ነው። በግማሽ ጢም ደርቄ ቀረሁ። እኔ እኮ ሁለቱን ማቀዝቀዣዎች አንድ ላይ ሞክሬያቸው አላውቅም! ሐይቁ ላይ ሁለቱም ሞተር እኩል ነው የሚሮጠው። የበረታው የደከመውን ውሃ ይገፋዋል፤ የተገፋው ወይ ቆሞ ይግላል፣ ወይ የማቀዝቀዣውን ሆድ ቀዶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በዚያ ፍጥነት ላይ አንዱ ሞተር ድርቅ ቢል ጀልባዋ ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈልግም። የሚነዳት ደግሞ ፉጨት የምንለው ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ሁሉን ሰው የሚያስቅ። ማክሰኞ ጠዋት ሊያወጣት ነው።

ዝም ብልስ ብዬ አላሰብኩም አልልሽም። ምንም ላይደርስ ይችላል፣ ቅጽሽም ይፈረማል። ዝም አይነቅዝም ትል የለ እማዬ? ይሄኛው ግን እስከ ምሳ እንኳን ሳይቆይ ነቀዘብኝ። ነገ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። ከሱ በፊት ላንቺ የጻፍኩት የሚበላሸው ያንቺ ነገር ስለሆነ ነው። እዚህ ላቁም፤ ጢሜም ግማሹ እንዳለ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ሆኗል፤ ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ሳሻሸው ከረምኩ። ሰኞ ነገርኩት። አለቃዬ ወዲያው ተነሳ። ከጎን ካለው ጋራዥ ሁለተኛ ጎማ ተውሶ መጣና ሁለቱንም ባንዴ ከፈትናቸው። ቀኙ ፈሰሰ። የግራው ውሃ ቱቦው ውስጥ ቆመ፤ ቆይቶም ከማሰሪያው ሥር ያንጠባጥብ ጀመር። ማን ነገረህ አለኝ። ጎረቤቴ፣ ልብስ ስታጥብ አልኩት። ሊስቅ ነበር፤ ለባለቤቱ ለመደወል ስልኩን ሲያነሳ ግን ሳቁ ጠፋ። ሰውየው መጥቶ፣ ሁለተኛውን ቀዳዳ ስበሳ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ስጨርስ ያኛውን ጀልባ ሌላ ጋራዥ እንደሚወስደው ነግሮን ሄደ። አለቃዬም ቅጽሽን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ሰው የምጨምርበት ሥራ የለኝም አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት ያንቺን ነው፣ መልቀምም አልቻልኩም።

ጀልባዋ ሁለት ቀን ዘግይታ ዛሬ ጠዋት ወጣች። አለቃዬ የሠራው ሰው አብሮ ይቀመጥ ብሎ ከፉጨት ጎን አስቀመጠኝ። ፉጨት ያለ የሌለ ጉልበቷን ሲለቀው ጆሮዬ ተደፈነ። አንገቴን አስግጌ ጎኗን አየሁ፤ ከሁለት ቀዳዳ ሁለት ውሃ እኩል ይወረወራል። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝና በደስታዬ አፈርኩ።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ አልጋሽን ለአክስታችን ልጅ እንደሰጠችው ሰምቻለሁና ታስመልስልሽ። አባዬን ጠዋት ጠዋት አንገቱን ሳይሸፍን እንዳይወጣ ንገሪው። ታናሻችንን ጥርሱን በምላሱ መነካካቱን ይተው በይልኝ። አንቺ ደግሞ ሻንጣሽን ፍቺ፣ እህቴ። ሰፈሩ ሁሉ መርቆ እንደተሰናበተሽ አውቃለሁ። ለምን ቀረሽ ሲሉሽ እኔን ለመሸፈን ወረቀቱ ዘገየ እንደምትዪ አላጣሁትም፤ አትበዪ። ወንድሜ ነው ያስቀረኝ በያቸው። መውጫቸውስ ብዬ ጠይቄው ነበር፣ አልሰማኝም በያቸው።

ወንድምሽ
ከጋራዡ፣ ከዕቃ መደርደሪያው አጠገብ
ሐሙስ፣ ጥቅምት ፱ ቀን