ቃለ ጉባኤው ላይ ያልፈረሙት የአቶ ገነነ ሃይለ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ገነነ ሃይለ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ሃይለ ሚካኤል ወርቁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ ደምለው በቡሬ ገጠር፣ ከዝግባ አምባ ኮረብታ ሥር በ1937 ዓ.ም. ተወለዱ። በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። በ1958 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልጣሽ ተሰማ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

አባታችን ተጠራጣሪ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በ1989 ዓ.ም. በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ፣ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል ብለው መለኪያውን በእጃቸው ሳይዳስሱ አላስዘረጉም። ስብሰባ ላይም ቃለ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ካልተነበበ፣ ከመጨረሻው መስመር በታች ያለው ባዶ ቦታም ካልተሰረዘ ፊርማቸውን አያኖሩም ነበር።

ይህ ጠባያቸው አንድ ጊዜ አሳስቷቸዋል። በ2002 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን ለመከላከል ዝግባ አምባ ከከብት ንክኪ ይከለል ሲባል፣ ኋላ ለባለሀብት ሊሰጡት ነው ብለው አገሬውን አሳመፁ፤ ክለላውም ቀረ። በዚያው ክረምት ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ጎርፍ የጎረቤታችንን የወይዘሮ አደይን የገብስ ማሳ ለሁለት ሰንጥቆ ቦረቦር አደረገው። አባታችን በዚህ እጅግ አዘኑ። በጥር ወር እርከን ለመቆፈር ቀድመው የወጡት እርሳቸው ናቸው። ሆኖም ኮረብታው ተከልሎ ሣሩ በዕጣ ሲታጨድ መሬት የሌላቸውና ባል የሞተባቸው ይቅደሙ ብለው በቃለ ጉባኤ አስጻፉ።

ኮረብታው ለመለመ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ለልማት ነው ተብሎ ሣሩን በሙሉ ለአንድ የሰንጋ አድላቢ ማኅበር የሚሰጥ ውል መጣ። በአባልነት ዝርዝሩ የድሆች ስም ነበረበት፤ አባታችን ቤት ለቤት ዞረው ሲጠይቁ ግን ስለ ማኅበሩ የሰማ አንድም አልተገኘም። ዛፉም ይደግ፣ ሰንጋውም ይድለብ፣ የአደይ ላም ግን ምን ትበላለች እያሉ ጠየቁ። ውሉን በሚያጸድቀው ቃለ ጉባኤ ላይ፣ እርሳቸውን ጨምሮ ከአምስቱ የኮረብታው ኮሚቴ አባላት የአንዱ ፊርማ ከጎደለ ውሉ ስለማይጸና፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይፈርሙ ቆዩ።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በፍኖተ ሰላም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ፣ ልጆቻቸው እንዳለው፣ ህይወትና ምስክር፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆች በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

ውሉን ለማጽደቅ ለወሩ መጨረሻ ተቀጥሮ የነበረው ስብሰባ፣ የአባታችን ሕመም ከበረታ ወዲህ ወደ ነገ ሐሙስ መሳቡን ሰምተናል። ምክንያቱን የነገረን የለም። እዚህ በሐዘን ከቆሙት መካከልም ያውቁታል ብለን የምንጠረጥራቸው አሉ። ሟቹ በመጨረሻ በቃላቸው ተስማምተዋል የሚል ቢነሳ፣ አልተስማሙም። ይህንን አስከሬናቸው ባለበት ተናግረናል።

አምላክ ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶች ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለእኛም ነገ ስብሰባው ላይ የምንቆምበትን ብርታት ይስጠን።