ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው አንበሳ

ማክሰኞ

ዛሬ አባቴን በገዛ እጅ ጽሑፌ ከሰስሁት። ከሰስኋቸው ልበል እንጂ፤ በድንጋጤ አንቱታውም ጠፍቶብኛል።

ከመጀመሪያው ላስፍረው፣ አለበለዚያ ነገ ራሴም አላምነውም። የአደን ሕጉንና የፈቃድ አሰጣጡን ለማሻሻል የተዘጋጀ ረቂቅ አለ ተብሎ ከክልል አንድ ባለሙያ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ የቆላው ሙቀት ፊቱን አቅልቶታል፤ ሰው አክባሪ ነው። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ስለሆንሁ እንደ ሁልጊዜው ቃለ ጉባኤ ያዝሁ። ረቂቁን ከማንበቡ በፊት በአደን ልምድ ያላችሁ እነማን ናችሁ ብሎ ጠየቀ። ይኸው ነው ጥያቄው፤ ሌላ የለውም።

የእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ መች ይቀመጣል! አያ ደስታው ቀድመው ተነሡ። ጋቢያቸውን መስቀልኛ አጣፍተው፣ ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው ፎከሩ። አሥራ አንድ አጋዘን ቆጠሩ። ከእሳቸው በኋላ ማን ይቅር? ጎሽ የገደለ፣ ነብር የገደለ፣ ሱዳን ድንበር ድረስ ዝሆን የተከተለ፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው እየተነሣ አዳራሹ የሠርግ ቤት መሰለ። ባለሙያው ግራ ገብቶት ያጨበጭባል። እኔ ደግሞ ስምና ቁጥር ሳላስቀር እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ አባየ ተነሡ። እሳቸው ብዙ አያወሩም። «አንበሳ» አሉና ተቀመጡ። ከሁሉም በላይ የተጨበጨበው ለእሳቸው ነው።

«አንበሳ፣ አንድ» ብዬ ጻፍሁ። ኮርቼ ከሥሩ አሰመርሁበት።

ሁሉም ፈረሙ፤ መፈረም ያልቻሉት አሻራ አኖሩ፤ ማኅተም ተደረገ። ከምሳ በኋላ ረቂቁ ተነበበ። ያስታወስሁትን ልጻፍ፦

ለእያንዳንዱ እንስሳ የተለየ ፈቃድና የተወሰነ ወቅት።
ማሳ የሚያወድም ከርከሮና ዝንጀሮ ለመግደልም ፈቃድ።
በየቤቱ ያለ ቀንድና ቆዳ ይመዘገባል።
ከዚህ በፊት ጥብቅ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ የገደለ ሰው ምንም ዓይነት ፈቃድ አያገኝም፤ መሣሪያውን ያስረክባል፤ ጉዳዩም በሕግ ይታያል።

አራተኛው ሲነበብ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። ሁሉም ሰው ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። ወደ መዝገቤ።

ረቡዕ

በጠዋት ሚኒባስ ገንዳ ውሃ ከተማ ወረድሁ። ባለሙያውን ካረፈበት ቦታ አስጠርቼ፣ ያንን ገጽ ልቅደደውና አዲስ ልጻፍ ብዬ ለመንሁት። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም፤ አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርሁት። እሱም ከእኔ እኩል ደንግጧል።

«እኔ እኮ ልምድ ጠየቅሁ እንጂ ኑዛዜ አልጠየቅሁም» አለኝ።

መቅደድ አይቻልም፤ እሱም ፈርሞበታል። ግን ማስተካከያ ይቻላል። ዓርብ ተመልሶ ይመጣል። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ የተናገርሁት ትክክል አይደለም ያለ ሰው ቃሉ ይመዘገብለታል። አራተኛውን አንቀጽ ሕዝቡ እንደተቃወመው እጽፋለሁ አለኝ። ብቻ ሁሉም በአንድ ቀን አልገደልሁም ካለ አለቆቼ ይስቁብኛል፤ ማስረጃ ያለው ማስረጃውን ይዞ ይምጣ አለ። ላልተገደለ አንበሳ ምን ዓይነት ማስረጃ ይገኛል?

ከሰዓት ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። የአያ ደስታው አሥራ አንድ አጋዘን ምሳ ላይ ሦስት ሆኑ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ቆቅ ሆኑ። ሌላው ጎሽ ያልሁት የጎረቤቴን በሬ ነው ይላል። ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ እንባዬ መጣ።

አባየ ማሽላ ጥበቃ ላይ ናቸው። ማማው ሥር ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዓርብ ይምጡና አልገደልሁም ይበሉ አልኋቸው። ማሳውን እያዩ ቃሌን አላጥፍም አሉ። ካሉ አሉ ነው። ያቺ ጠመንጃቸው ከተወሰደች ማሽላው በአንድ ሳምንት የከርከሮ ነው፤ እሳቸውም ምናልባት ገንዳ ውሃ እስር ቤት ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰው እንዴት እንዲህ ይላሉ?

ሐሙስ

ምን እንደሰማሁ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት።

ምሳቸውን ይዤ ሄድሁ። ማማው ላይ ውጪ አሉኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ውጪ ብለውኝ አያውቁም። መሰላሉ አጋማሽ ላይ ስደርስ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፦

«አልገደልሁትም።»

መሰላሉን ባልጨብጥ ወድቄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባየ ከደጋ በልጅነታቸው ወደዚህ ቆላ ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። አንድ አንበሳ የሰፈሩን ከብት እየጣለ አስቸግሮ ነበር። አንድ ጠዋት ጠመንጃ ተውሰው ብቻቸውን ጥሻው ውስጥ ገቡ። አንበሳውን ከአንድ ዋንዛ ሥር ተጋድሞ አገኙት። አርጅቶ፣ ጎድኑ ተቆጥሮ፣ ሞቶ ነበር። ወደ ሰማይ አንድ ጥይት ተኮሱ። ቆዳውን ገፈው ተሸክመው ሲመጡ ሴቱ በእልልታ ተቀበላቸው። እናቴን ለአንድ ነጋዴ ሊድር የነበረው አያቴ ሐሳቡን ለውጦ ለአንበሳ ገዳይ ሰጣት።

እኔ የአንበሳ ገዳይ ልጅ ተብዬ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ማንም አይነካኝም ነበር። ያ ቆዳ የተሰቀለው ከአልጋዬ በላይ ነው። ምን እንደተሰማኝ ልናገር፦ ተናደድሁ። በጣም ነው የተናደድሁት። ታዲያ ለሞተ አንበሳ ሊታሰሩ ነው ወይ ብዬ ጮኽሁባቸው፤ አባቴ ላይ ስጮኽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እስር አልፈራም አሉ። የፈሩት እማየ እንዳትሰማ ነው። በአንበሳው የመጣች ሚስት፣ አንበሳው ውሸት ነው ሲባል ምን ትላለች? ለእሷ እንዳልናገር አስማሉኝ። ማልሁ።

ከሰዓት ከእማየ ጋር የአምናውን ማሽላ ስናነፍስ ቆየን። ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ራሴን አመመኝ አልኋት። ቤት ስንገባ በእጇ የቆዳውን አቧራ አራገፈች። ከዓመት እስከ ዓመት ነክታው አታውቅም።

ዓርብ

አዳራሹ ከማክሰኞው ይበልጥ ሞልቷል። የመጣው ለመስማት ነው።

አያ ደስታው ሁለቱን ቆቅ አስመዘገቡ። ባለሙያው ማስረጃ ሲላቸው ቆቅ ምን ማስረጃ አለው ብለው ተቆጡ። ሌሎቹም በየተራ ተነሥተው አሳነሱ፣ ቀነሱ። እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ። የአባየ ስም ሲጠራ ብዕሬ ቆመ።

ተነሡ። እማየ እንደሌለች ለማየት አዳራሹን ዞረው ቃኙ። ከዚያ የሳቸው በማይመስል ቀጭን ድምፅ፣ ስደርስበት ሞቶ ነበር አሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ያን ሰው አውቀዋለሁ፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም እንጂ አልረሳለትም።

ባለሙያው አዘነ። አባቴ ብሎ ጠራቸው። ሌላው ቢቀር ይህኛው አንበሳ ነው፣ በቃል ብቻ ልቀበል አልችልም አለ። አባየ ማስረጃ እንደሌላቸው ተናገሩ።

በሩ ጋ ግርግር ሆነ። እማየ ናት። የተጠቀለለውን ቆዳ እንደ ውሃ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ገባች። ሽማግሌዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ጠረጴዛው ላይ፣ እመዝገቤ ላይ ዘረጋችው።

«ጥይት የገባበትን ፈልጉ» አለች።

ባለሙያው ገለበጠው። አያ ደስታው በጣታቸው ከአንገት እስከ ጅራት ዳሰሱት። ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን አዩት። አንድ ቀዳዳ የለውም። የጦርም የጥይትም የለውም።

«ሙሽራ ሳለሁ ያለፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ በእጄ አሽቼዋለሁ፤ ቀዳዳ ቢኖረው አጣዋለሁ?»

አባየ ተቀመጡ። ሰው የሚያረጀው በዓመታት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጊዜ ሲያረጁ አየኋቸው። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ከሥሩ ተኝቼ አንድ ቀን ቀና ብዬ ቀዳዳውን ያልፈለግሁ ሞኝ። እንዳትሰማ የተማለባት እናቴ ከሙሽርነቷ ጀምሮ ስታውቅ ኖራለች፤ የማልሁት እኔ የሰማሁት ገና ትናንት ነው።

ባለሙያው በአደን እንዳልተገደለ በዓይን ታይቷል ብሎ አስጻፈኝ። ቆዳው ተመዘገበና ተወሰደ። እማየ ባዶ እጇን ከሁሉ ቀድማ ወጣች።

ቅዳሜ

ግድግዳው ላይ የአንበሳው ቅርጽ ቀርቷል፤ ጭሱ ያልደረሰበት ነጭ ጭቃ። ወደዚያ ላለማየት ሦስታችንም ዓይናችንን እንጠብቃለን።

አባየ ጠዋት ወደ ማሳ ሊሄዱ ደጃፉ ላይ ጫማቸውን ሲያጠልቁ፣ አንገታቸውን እንደደፉ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ አሏት። እማየ ማሽላ መልቀሟን አላቆመችም።

«ጥሻው ውስጥ ሲገቡ መሞቱን ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ብቻዎን ነበሩ?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያ በቃ» አለች። «እኔ ያገባሁት ጥሻው ውስጥ የገባውን ነው።»

እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። አባየ ጠመንጃቸውን አንሥተው ሄዱ።

አራተኛው አንቀጽ ይሰረዝ ወይ ይጽደቅ ማንም አያውቅም። ባለሙያው ቃሉን ይጠብቅ እንደሆን፣ የከርከሮው ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥ፣ ማሽላው ለአጨዳ ይድረስ እንደሆን፣ አንዱንም አላውቅም። ነገ ሰፈራችን ሠርግ አለ፤ አንድ ሰው አንበሳ ገዳይ ብሎ ይጣራ ይሆናል፤ አባየ ምን እንደሚሉም አላውቅም።

ምሳቸውን ላደርስ ስነሣ እማየ አገልግሉን ከእጄ ወሰደችው። መሰላል አልችልም እያለች ማማው ላይ አንድ ቀን ወጥታ የማታውቅ ሴት ናት። ከሄደች ቆየች። ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ እማየ እስካሁን ከማማው አልወረደችም።