ሁለት የግራ እጅጌ

ልጄ፣ ያንቺን ድካም ለእኔ ያድርገው፤ በወጣሽ በገባሽበት ጠባቂ አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፣ የሚያፈሰው ጣሪያም ተጠግኗል።

«በየአራት ሰዓቱ ሃያ ሃያ ደቂቃ ብቻ እተኛለሁ፣ ለትምህርቴ ጊዜ ተረፈኝ» ያልሽኝን ነገር እስኪ ልየው ብዬ እኔም ሞከርኩት። አባትሽ «እናትና ልጅ አበዳችሁ!» ብሎ ትራሱን ይዞ ሌላ ክፍል ገባ። በአምስተኛው ቀን የጎረቤታችንን የመምህሩን ኮት ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ሰፋሁት። ሠላሳ ዓመት መቀስ ስይዝ እንዲህ ያለ ጉድ ደርሶብኝ አያውቅም። የሚገርምሽ፣ መምህሩ ሊለኩት መጥተው እስኪያሳዩኝ ድረስ በደንብ የነቃሁ መስሎኝ ነበር።

እኔ ያበላሸሁት ጨርቅ ነው፤ ሌላ ይገዛል። አንቺ ግን የምትነጂው አውቶቡስ ነው። እሁድ በስልክ እያወራን መሃል ላይ ጠፋሽብኝና፣ በኋላ «መስመሩ ተቋርጦ ነው» አልሽኝ። ትንፋሽሽን እኮ እሰማው ነበር።

እባክሽ የኔ እናት፣ ይሄ ደብዳቤ የደረሰሽ ቀን ስልክሽን አጥፍተሽ እስኪበቃሽ ተኚ። ባትደውዪልኝ አልቀየምም። የሰላም እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ከኋላሽ የተቀመጡትንም በሰላም ቤታቸው ያግባልሽ።

እናትሽ